ሞላ ቀይሬ መኪናዬ ባሰባት፤ ቀጣዩን በምን ልምረጥ?

ቀይ ኩፔ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ስለሆነ ታገሱኝ።

ቶዮታ 86 አለችኝ። ሞተሯ ፊት ነው፣ የሚነዳት የኋላ ጎማ ነው። አብዛኛውን ቀን ሥራ የምሄድባት እሷው ናት። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ደግሞ የመኪና መሮጫ ትራክ ይዣት እገባለሁ። ውድድር ውስጥ የለሁበትም። ኩርባ ውስጥ ገብቼ፣ ጎማዎቹ የሚሠሩት ነገር በመሪው በኩል እጄ ላይ ሲሰማኝ ነው ደስ የሚለኝ።

ስገዛት የፋብሪካ ሞላ ነበራት። ለመንገድ ጥሩ ነበረች። ትራክ ላይ ግን ትጋደላለች፣ ፍሬን ስይዝም አፍንጫዋ ይደፋል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው "40 ሚሊሜትር ዝቅ ያደርጋል" የሚል ብቻ ነው። ጥንካሬው ስንት እንደሆነ አልተጻፈም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የሞላውን ንጥረት የሚያረጋጉት ሾኮች የፋብሪካው ናቸው፤ አልተነኩም።

ቆማ ስትታይ በጣም ታምራለች። ስትነዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትንሽ ጉድጓድ ስመታ ፊት ለፊት "ጓ" ይላል። ፈጠን ብዬ ወጣ ገባ ያለ አስፋልት ላይ ስሄድ ኋላዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ትነጥርና ነው የምትረጋው። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ይሄ ነው። ረጅም ኩርባ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ደህና ትይዛለች። መሃል ላይ ስደርስ፣ በተለይ ትንሽ ጉብታ ካለ፣ አፍንጫዋ በድንገት ወደ ውጭ ይሸሻል። በፊት ብትጋደልም እንዲህ ከድታኝ አታውቅም።

አሁን ኮይልኦቨር ልገዛ ነው፤ ሞላውና ሾኩ አብሮ የሚመጣውን፣ ከፍታው የሚስተካከለውን። ሁለት ምርጫ አገኘሁ። አንዱ ፊት 6 ኪሎ፣ ኋላ 6 ኪሎ በሚሊሜትር ነው። ሌላው ፊት 10፣ ኋላ 8። ሻጩ "ለትራክ ከሆነ 10ሩን ውሰድ" አለኝ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መኪናዋ የተሻለ ትይዛለች ማለት ነው? ደግሞስ የገዛሁት ሞላ ከፋብሪካው ይጠነክራል ከተባለ ለምን ባሰባት?

ዳዶ 12

ወንድሜ፣ 10 እና 8ን ውሰድ። እኔ እሱን ነው የምነዳው፤ መኪናዬ ቀጥ ብላ ነው የምትታጠፈው። ትንሽ ትነቀንቃለች፣ ግን ይለመዳል። ወጪው ከከበደህ ደግሞ የፋብሪካውን ሞላ መልስና ከላዩ አንድ ዙር ቁረጠው። ዝቅም ይልልሃል፣ ይጠነክራልም።

ክሪክና ቁልፍ

ቀይ ኩፔ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሕመሙን ራስህ ነግረኸናል።

የሾኩ ዘንግ ላይ የተሰካ ወፍራም ጎሚኒ አለ፤ ባምፕ ስቶፕ የሚባለው። ሥራው ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ብረት ከብረት እንዳይመታ ማለዘብ ነው። መኪናዋን 40 ሚሊሜትር ስታወርዳት፣ ጎማው ወደ ላይ ሊሄድበት የሚችለውን 40 ሚሊሜትር ቀንሰህበታል። ያቺ "ጓ" የምትለው ድምፅ ምናልባት ሞላው አይደለም። መኪናህ ጎሚኒው ላይ ልትቀመጥ ጥቂት ነው የቀራት።

አሁን ኩርባው ውስጥ እንግባ። መኪና ስትታጠፍ የውጭው የፊት ጎማ ወደ ላይ ይገባል። እሷን የምታህል መኪና 3 ዲግሪ ብትጋደል የውጭው ጎማ 40 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል። ያን ያህል ቦታ ከሌለ ጎሚኒውን ይመታል። ያኔ ለስላሳ የነበረው ሞላ በአንድ ጊዜ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ከውስጥ ወደ ውጭ ከሚዛወረው ክብደት አብዛኛውን በድንገት የፊት ጎማዎች ይሸከሙታል። የውጭው የፊት ጎማ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፣ አፍንጫዋም ይሸሻል። መሃል ኩርባ ላይ፣ ያውም ጉብታ ሲኖር ነው ማለትህ ከዚህ ጋር ልክክ ይላል።

ይህን ሳትገምት ማየት ትችላለህ። በክሪክ አንሳት፣ ጎማውን አውጣ፣ የሾኩን የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ወደ ላይ ግፋው። ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰርና እስከ ሾኩ አፍ አውርደው። ጎማውን መልሰህ እንደ ወትሮው ንዳት። ስትመለስ ማሰሪያው የቆመበት ቦታ ሾኩ እስከ የት እንደተጨመቀ ይነግርሃል። ጎሚኒው ድረስ ከወጣ ጉዳዩ አለቀ።

ሞላ ስለመቁረጥ ዳዶ 12 ያልከውን በአክብሮት እቃወማለሁ። መቁረጥ ሞላን ያጠነክራል ማለትህ ልክ ነው። የሚሠሩት ዙሮች ስድስት ከሆኑና አንዱን ከቆረጥክ፣ ስድስት ለአምስት ማለት ነው፤ 20 በመቶ ይጠነክራል። ግን የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ውስጥ አይገጥምም። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ወይም ጉብታ ላይ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ሊላቀቅ ይችላል። በእሳት ከተቆረጠ ደግሞ የብረቱ ጥንካሬ እዚያ ቦታ ላይ ይበላሻል። የሰው ሕይወት የሚሸከም ዕቃ ነው። አታድርጉት።

እኔም በ10ሩ መንገድ ሄጃለሁ፤ እንዲያውም ከዚያ አልፌ። የመጀመሪያዋ ፈጣን መኪናዬ የፊት ጎማ የሚነዳት ትንሽ ሃችባክ ነበረች። ፊቷ ላይ 14 ኪሎ ሞላ ገጠምኩ። አትጋደልም፣ አታጎነብስም፤ ለእኔ ያ ማለት ፍጥነት ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ከጎኗ ካሜራ አስሮ ጎማውን ቀረጸልኝ። ማታ ላይ ዘግይተን አየነው። ወጣ ገባው ኩርባ ላይ የፊት ጎማዬ መሬት አይነካም ነበር። ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይነሳል። አየር ላይ ያለ ጎማ አይዝም። በሚቀጥለው ጊዜ 7 ኪሎ ገጠምኩና በዚያው ትራክ፣ በዚያው ጎማ፣ ከበፊቱ በሰፊው ፈጠንኩ። ወገቤም ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞላ ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎማው መሬቱን መከተል ይችላል ወይ? ከባምፕ ስቶፕ የሚያድነኝን ያህል ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ ግን የማያስፈልገኝ።

ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። "6 ኪሎ" ማለት ሞላውን 1 ሚሊሜትር ለመጨመቅ 6 ኪሎ ያስፈልጋል ማለት ነው። በኒውተን ከሆነ በ9.81 አባዛው። ይህ ግን ሞላው ራሱ ላይ ነው። ጎማው ላይ ስንት ነው? እሱ ነው ቁም ነገሩ። ሞላው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ጎማው 50 ሚሊሜትር ሲወጣ ሞላው ከ50 ያነሰ ነው የሚጨመቀው። የሞላውን ጉዞ ለጎማው ጉዞ አካፍል። ያገኘኸውን በራሱ አባዛ። ከዚያ በሞላው ጥንካሬ አባዛው። በራሱ የሚባዛው ሁለት ነገር ስለሚጠፋ ነው፤ ጉልበቱም ይቀንሳል፣ ጉዞውም ይቀንሳል።

የመኪናህ ፊት ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የቆሙበት። ሾኩ ከጎማው አጠገብ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ብዙ አይጠፋም። ኋላዋ ግን ሞላው፣ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያያይዘው ክንድ ላይ፣ ገባ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ፊት 6 እና ኋላ 6 የሚለው እኩል ይመስላል እንጂ ጎማው ላይ ሲደርስ ፈጽሞ እኩል አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሌላው የሚያስፈልግህ ክብደቱ ነው። ያው ሞላ ከባድ መኪና ላይ ለስላሳ፣ ቀላል መኪና ላይ ደረቅ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ሞላን ከክብደት ጋር አዋህደው በሰከንድ ስንት ጊዜ ትወዛወዛለች ብለው ያሰላሉ፤ በኸርዝ። ተራ የቤተሰብ መኪና ከ1 እስከ 1.5 ኸርዝ አካባቢ ናት። ለመንገድ የተሠራ የስፖርት መኪና ከ1.5 እስከ 2። የአየር ክንፍ የሌላት የትራክ መኪና ከ2 እስከ 2.5። ከ3 በላይ የሚሄዱት አየር ወደ መሬት የሚጫናቸው የውድድር መኪኖች ናቸው፤ እነሱ ከፍታቸው እንዳይለዋወጥ ስለሚፈልጉ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለክተህ አምጣ። አንደኛ፣ አንተ ውስጧ ተቀምጠህ በአራቱም ጎማ ሥር ያለውን ክብደት። ሁለተኛ፣ ሞላውን አውጥተህ ጎማውን 50 ሚሊሜትር በክሪክ ስታነሳ ሾኩ ስንት እንደሚያጥር፣ ፊትም ኋላም። ሦስተኛ፣ መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ በሾኩ አፍና በጎሚኒው መካከል የቀረውን ክፍተት። ሞላውን ስታወጣ በትክክለኛ የሞላ መጭመቂያ ይሁን፣ ፊትህንም ከሞላው አቅጣጫ አርቅ። የታመቀ ሞላ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል።

ቀይ ኩፔ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜና እሁድን እሱ ላይ ነው ያሳለፍኩት።

ማሰሪያው ፊት በሁለቱም በኩል ጎሚኒው ውስጥ ጠልቆ ገብቶ አገኘሁት። ያውም ሥራ ደርሼ ስመለስ፣ ትራክ ሳልገባ። ቆማ ያለው ክፍተት ፊት 14 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ኋላ 30።

ክብደት፣ እኔ ውስጧ ሆኜ፣ ታንከሩ ግማሽ፦ ፊት 352 እና 348፣ ኋላ 308 እና 302። ድምሩ 1310 ኪሎ። ጎማውን 50 ሚሊሜትር ሳነሳው የፊቱ ሾክ 48 አጠረ። የኋላው 37።

ይህን ካየሁ በኋላ ከ6 እና 6፣ ከ10 እና 8 የትኛው ይሻላል ይላሉ?

ክሪክና ቁልፍ

ጎበዝ። እንዲህ የሚለካ ሰው ደስ ይለኛል። መልሴ ሁለቱንም አይደለም። ስሌቱን አብረን እንሥራው፣ ሌላ ጊዜ ያለ እኔ እንድትሠራው።

ፊት፦ 48 ሲካፈል ለ50፣ 0.96። በራሱ ሲባዛ 0.92። ኋላ፦ 37 ለ50፣ 0.74። በራሱ ሲባዛ 0.55። አየኸው? ኋላ ላይ ከምትገጥመው ሞላ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ጎማው ላይ የሚደርሰው።

ከክብደቱ ደግሞ ሞላው የማይሸከመውን ቀንስ፤ ጎማውን፣ ቸርኬውን፣ ፍሬኑን፣ የክንዱን ግማሽ። በየማዕዘኑ 40 ኪሎ ብዬ ይዣለሁ። ፊት በአንድ ጎማ 310፣ ኋላ 265 ይቀራል።

ጎማው ላይ ያለውን ጥንካሬ በኒውተን በሜትር ታደርገዋለህ፣ ለክብደቱ ታካፍላለህ፣ ካሬ ሩቱን ታወጣለህ፣ ለ6.28 ታካፍላለህ።

6 እና 6፦ ፊት 2.1 ኸርዝ፣ ኋላ 1.75። 10 እና 8፦ ፊት 2.7፣ ኋላ 2.0። ሥራ ለምትሄድባት መኪና 2.7 በጣም ደረቅ ነው። ከዚያ በላይ ግን የማልወደው ሁለቱም ላይ ፊቱ ከኋላው በሰፊው መብለጡን ነው።

ለምን? በ1930ዎቹ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሞሪስ ኦሊ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ክብደት ወዲያና ወዲህ የሚዛወርባት መኪና ሠርቶ ሰው እያስቀመጠ ሞከረ። ሰውን የሚያሰቃየው ወደ ላይና ወደ ታች መሄዱ ሳይሆን አፍንጫና ጅራት ተራ በተራ መነሳታቸው እንደሆነ አየ። ጉብታን መጀመሪያ የሚያገኘው የፊት ጎማ ነው። በመኪናህ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.57 ሜትር አለ። በ80 ኪሎሜትር ፍጥነት ኋላው ያንኑ ጉብታ የሚያገኘው 0.12 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ኋላው ትንሽ ፈጠን ብሎ የሚወዛወዝ ከሆነ የዘገየውን ያካክሳል። ከሁለት ውዝዋዜ በኋላ ሁለቱ አንድ ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ላይ ይወርዳሉ። መኪናዋ ጠፍጣፋ ሆና ትሄዳለች። ፊቱ ከፈጠነ ግን መቼም አይገናኙም።

ስለዚህ የኋላውን በ10 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ ሳሰላ የመጣልኝ ይህ ነው፦ ፊት 4 ኪሎ፣ ኋላ 7 ኪሎ። ፊት 1.72 ኸርዝ፣ ኋላ 1.90። ካታሎግ ላይ እንግዳ ይመስላል። ኋላው በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ጎማው ላይ ግን ፊት 36፣ ኋላ 37.6 ኒውተን በሚሊሜትር ነው፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

"4 ኪሎ አይለሰልስም?" ልትለኝ ነው። ከፍታውን አስተካክል፣ አይለሰልስም። ከፋብሪካው 20 ሚሊሜትር ብቻ አውርዳት፣ ከዚያ አትለፍ። ለጎማው ጉዞ ሲባል ብቻ አይደለም። ማክፈርሰን ላይ መኪናዋን ስታወርድ የታችኛው ክንድ ጎማው ጋ ያለው ጫፉ ወደ ላይ ይቀናል። ያኔ መኪናዋ የምትጋደልበት ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል ይበልጥ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ዝቅ አደረግኋት ስትል እንድትጋደል ረጅም ዘንግ ሰጠሃት ማለት ነው። 40 ያወረደህ ሞላ ያልጠቀመህ አንዱም በዚህ ነው።

ኋላዋ የምትነጥረውስ? ሾኩ የተሠራው ለፋብሪካው ሞላ ነው። ሞላ ሲጠነክር ሲመለስም በኃይል ነው የሚመለስ። የሚይዘው ሾክ ካልጠነከረ ይነጥራል። ሞላው እጥፍ ሲሆን ሾኩ በ1.4 እጥፍ መጠንከር አለበት። ስለዚህ ሻጩን "ሾኩ ለ4 እና 7 ተስተካክሎ ይመጣል ወይ?" ብለህ ጠይቅ። አዎ ካላለህ ሌላ ጋ ሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። 7 ኪሎው ሞላ መኪናዋን ተሸክሞ 51 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚጨመቀው። ጎማው ከ69 ሚሊሜትር በላይ ከተንጠለጠለ ሞላው ከመቀመጫው ይለቃል። ሾኩ ከዚያ በላይ የሚወርድ ከሆነ ከላዩ አጋዥ ሞላ አስገባ፤ ያቺ ጠፍጣፋ ቀጭኗን። ክብደት አትሸከምም። ዋናው ሞላ እንዳይወልቅ መያዝ ብቻ ነው ሥራዋ።

ትራክ ቅዳሜ

ክሪክና ቁልፍ ያሉት ስሌት ልክ ነው፤ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ያ የፊትና የኋላ ውዝዋዜ ማስታረቅ ለመንገድ ምቾት ነው። ትራክ ላይ ሾክህ ጠንካራ ነው፤ ሁለት ውዝዋዜ ድረስ ማንም አይጠብቅም፣ በመጀመሪያው ይሞታል።

እኔም የኋላ ጎማ የሚነዳት መኪና ነው የምነዳው። መኪና ስትታጠፍ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚዛወረውን ጠቅላላ ክብደት ሞላ አይቀይረውም። እሱን የሚወስኑት የክብደቷ ማዕከል ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀትና የመታጠፉ ኃይል ናቸው። ሞላ የሚወስነው ፊቱ ምን ያህሉን ይውሰድ፣ ኋላው ምን ያህሉን ይውሰድ የሚለውን ነው። ጠንካራው ወገን ብዙ ይወስዳል፤ መጀመሪያ የሚለቀውም እሱ ነው። ኋላውን ካጠነከርክ ከኩርባ ስትወጣ ነዳጅ ስትረግጥ የውስጡ የኋላ ጎማ ይቀልና ይሽከረከራል። ፍሬን ላይ ደግሞ 4 ኪሎ ፊት ይደፋል።

እኔ ብሆን ፊት 5፣ ኋላ 7 አደርግ ነበር። ፊትም 1.9 ኸርዝ ይመጣል፤ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ።

ክሪክና ቁልፍ

ትራክ ቅዳሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ለትራክ ብቻ ቢሆን እኔም 5ን እመርጥ ነበር። እሱ ግን በዓመት አራት ቀን ትራክ ላይ፣ ሌላውን ቀን ሁሉ መንገድ ላይ ነው። በዚያ ላይ ስታብላይዘሩ አለ፤ የግራና የቀኝ ጎማን አያይዞ መጋደልን የሚከላከለው ብረት። መጋደሉን በስታብላይዘር መጨመር ይቻላል፤ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ጉብታ ሲወጡ ስታብላይዘር ምንም አያደርቅም።

ቀይ ኩፔ፣ በ4 ጀምር። ኮይልኦቨሩ ግን የውስጥ ስፋቱ 65 ወይም 60 ሚሊሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ሞላ የሚቀበል ይሁን። እንደዚያ ከሆነ ነገ የፊቱን ጥንድ ብቻ ገዝተህ 5 ማድረግ ትችላለህ። ከ4 ወደ 5 ሾኩ የሚጨምረው 12 በመቶ ገደማ ነው፤ በማስተካከያው ጠምዘህ ታገኘዋለህ።

ሞላው ወጥ ጥንካሬ ያለው ይሁን። ዙሮቹ ከላይ ተጠጋግተው ከታች የሚራራቁት ዓይነት ሲጨመቅ የተጠጋጉት ዙሮች ስለሚገጥሙ እየጠነከረ ይሄዳል። ለመንገድ መጥፎ አይደለም። ግን የምታሰላበት አንድ ቁጥር የለህም።

ቀይ ኩፔ

ከሁለት ወር በኋላ ተመለስኩ።

4 እና 7 አስመጣሁ። ሻጩ ቁጥሩን ሲሰማ "ተገላብጦብህ ነው?" ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ልኬቴን ላክሁለትና ሾኩን ለዚያ አስተካክሎ ላከልኝ። ኋላ አጋዥ ሞላ አለው። 20 ሚሊሜትር ነው ያወረድኳት።

ሥራ የምሄድበት መንገድ ላይ ያለው ስሜት ገረመኝ። በጽሑፍ ከፋብሪካው ትጠነክራለች። ስትነዳ ግን ካለፈው ዓመቱ ሞላ በጣም ትለሰልሳለች። "ጓ" የሚለው ጠፋ። ወጣ ገባው ላይ አንዴ ትወርዳለች፣ አንዴ ትወጣለች፣ ትረጋለች። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ ያለ ቅሬታ የደረሰችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ትራክም ገባሁ። ያ የሚከዳኝ ረጅም ኩርባ ላይ ጉብታዋን ስረግጥ አፍንጫው ቦታው ላይ ቆየ። ሁለተኛውን ዙር ሆን ብዬ ፈጠን ብዬ ገባሁ፤ አሁንም ያዘች። ማሰሪያውን ሳየው ፊት ጎሚኒው ጋ ሳይደርስ 9 ሚሊሜትር ሲቀረው ቆሟል። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ትራክ ቅዳሜ ያለው ግን አንዱ ደርሶብኛል። ከረጅሙ ቀጥታ በኋላ ፍሬን ስይዝ አሁንም በደንብ ትደፋለች፣ ኋላዋም ይቀለኛል። ከኩርባ ስወጣ የመሽከርከር ነገር አላየሁም። ስለዚህ የፊት 5 ኪሎ ጥንድ አዘዝኩ፤ ርዝመቱ አንድ ዓይነት ነው። ስገጥመው ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ?

ክሪክና ቁልፍ

ሁለት ነገር። የፊቱ ሞላ በአንድ በኩል 323 ኪሎ ነው የሚሸከመው። 4ቱ በዚያ ክብደት 81 ሚሊሜትር ይጨመቃል፣ 5ቱ 65 ብቻ። እንዲሁ ብትቀይረው አፍንጫዋ 16 ሚሊሜትር ገደማ ይነሳል፤ አንተም ለውጡ የከፍታው ይሁን የሞላው ሳታውቅ ትቀራለህ። የሞላውን መቀመጫ 16 ሚሊሜትር አውርደው። ከዚያ ከጎማው መሃል እስከ መከላከያው ጠርዝ ለክተህ ከድሮው ጋር አስተያየው።

ሁለተኛ፣ የክንዱን ብሎኖች ፈትተህ ከነበረ በክሪክ ላይ ሆና አታጥብቃቸው። ጎማዋ መሬት ነክቶ ክብደቷን ከተሸከመች በኋላ ይጥበቁ። አለበለዚያ በክንዱ መጋጠሚያ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ተጠምዘው ይቀራሉ፤ ራሳቸው እንደ ሞላ ይገፋሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ። አላይመንቱን ከዚያ በኋላ አሠራ። የጎማውን ንፋስ አትንካው፣ ባለ 4 ኪሎውን ሞላም ይዘህ ትራክ ሂድና በዚያው ቀን ሁለቱንም ሞክር።